ስለ ስቴት የአየር ንብረት ሕግ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሜሪላንድ ውስጥ ከሐበሻ ጋር ስለ ንጹሕ ኃይል ሕግ ወሬ ስጀምር፣ ገና ሳልጨርስ የሚመጣ መልስ አለ። «ዋይት ሐውስ ያለው ሰውዬ ካልፈለገ ምን ዋጋ አለው?» ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰምቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ይህን የሚሉኝ ዜና የሚከታተሉ፣ የኮንግረሱን ጉዳይ በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የራሳቸውን የስቴት ሴናተር ስም ስጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።

ሥልጣኑ እንዴት እንደተከፋፈለ እንይ። የፌዴራሉ መንግሥት የሚቆጣጠረው በዋናነት ከስቴት ወደ ስቴት የሚሻገረውን የጅምላ ኤሌክትሪክ ነው። የመብራት ኩባንያው ስንት በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ ይግዛ፣ ምን ዓይነት ማመንጫ ይሠራ፣ ቤት ድረስ ለማድረስ ስንት ያስከፍል የሚለው የስቴት ሥልጣን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ስቴት ማለት በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ የሚሰበሰቡት 47 ሴናተሮችና 141 ዴሌጌቶች (የታችኛው ምክር ቤት አባላት)፣ አገረ ገዥው፣ እንዲሁም የታሪፍ ጉዳይ የሚያየው የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ናቸው። ዋሽንግተን ከእኛ በሜትሮ የምትደረስ ከተማ ስለሆነች ሁሉ ነገር እዚያ የሚወሰን ይመስለናል።

ስቴቶች ማንንም ሳይጠብቁ ነው የሄዱት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሃዋይ በ2015 ኤሌክትሪኳን በ2045 መቶ በመቶ ታዳሽ ለማድረግ በሕግ ወሰነች፤ ከስቴቶች የመጀመሪያዋ ናት። ቴክሳስ በ1999 የታዳሽ ኃይል ግዴታ ሕግ ስታወጣ የፈረሙት አገረ ገዥ ጆርጅ ቡሽ ነበሩ። ዛሬ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ብዙ የነፋስ ኃይል የምታመነጨው ቴክሳስ ናት። ስለዚህ «የዴሞክራቶች ጨዋታ ነው» የሚባለውም ስህተት ነው። የእኛዋ ሜሪላንድ በ2022 ሰፊ የአየር ንብረት ሕግ አወጣች። የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱ በ2031 ከ2006ቱ መጠን በ60 በመቶ እንዲቀንስ፣ በ2045 ደግሞ የተጣራው ልቀት ዜሮ እንዲሆን፣ ማለትም የሚለቀቀው ከከባቢ አየር ከሚወገደው እንዳይበልጥ ያዛል። የወቅቱ አገረ ገዥ ሪፐብሊካን ነበሩ። አልፈረሙም፤ ውድቅም ስላላደረጉት ግን ሕግ ሆኖ ጸና።

ፌዴራሉንስ ተማምነን ምን አገኘን? በ2022 ኮንግረሱ ለንጹሕ ኃይል ትልቅ ድጎማ ፈቀደ። በሐምሌ 2025 ሌላ ሕግ ወጣና ጣሪያው ላይ ሶላር ለሚያስተክል ሰው ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የታክስ ቅናሽ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተቋረጠ። የ2022ቱ የሜሪላንድ ሕግ ግን በዚህ አልተሻረም። «ፌዴራሉ ካልፈለገ» የምትሉኝ ሰዎች፣ ስቴቱን አጥብቃችሁ መያዝ ያለባችሁ ፌዴራሉ በማይፈልግበት ጊዜ ነው።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?» ለሚሉ ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሚኒሶታን ልጥቀስ። ኤሌክትሪኩ በ2040 ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነጻ እንዲሆን የሚያዘው ሕግ በ2023 በሴኔቱ ያለፈው 34 ለ33 ነው። አንድ ሴናተር ቢያፈገፍግ ኖሮ ይወድቅ ነበር።

«ዜጋ አይደለሁም፣ መናገር አልችልም።» ይቻላል! አቤቱታ የማቅረብ መብት ከመምረጥ መብት የተለየ ነው። ለሕግ አውጪ ለመጻፍ ወይም ኮሚቴ ፊት ለመመስከር ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። የማውቃቸው እናት ግሪን ካርድ ነው ያላቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ትንሽ ነው። የተከራዩት አፓርታማ በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። የክረምት ቢላቸውን ይዘው አናፖሊስ ሄዱ። በአማርኛ ተናገሩ፣ ልጃቸው ተረጎመች። ከእሳቸው በፊት የተናገሩት በሙሉ የኩባንያ ጠበቆችና ባለሙያዎች ነበሩ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ቀና ብላ ጥያቄ የጠየቀችው እሳቸውን ነው። ባለሙያ ብዙ ይመጣላቸዋል፤ ቢሉን የሚከፍለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም።

«ቢል ያስወደደው የንጹሕ ኃይል ሕግ ነው።» ከቢሉ ላይ የተወሰነ መስመር በስቴቱ ሕግ ምክንያት የሚከፈል መሆኑን አልክድም። ትልቁ ጭማሪ የመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ 13 ስቴቶችንና ዲሲን የሚያገለግለው ፒጄኤም የሚባለው የኤሌክትሪክ መረብ አለ። ለወደፊት የሚፈለገውን የማመንጨት አቅም በጨረታ ይገዛል፤ ወጪው መጨረሻ ላይ ቢላችን ላይ ይመጣል። በ2024 በተደረገው ጨረታ ዋጋው ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ የዳታ ማዕከላት ፍላጎት አደገ፣ አሮጌ ማመንጫዎች ተዘጉ፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ከመረቡ ለመገናኘት ረጅም ወረፋ ላይ ናቸው። ወረፋ ከያዙት ብዙዎቹ ሶላርና ባትሪ ናቸው።

«ሶላር ቤት ላለው ብቻ ነው።» አይደለም። ተከራይም የጋራ ሶላር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ተተክሎ ብዙ ቤቶች የሚካፈሉት ሶላር ላይ ተመዝግቦ ቢሉ ላይ ቅናሽ ማግኘት ይችላል።

«ቤተ ክርስቲያናችን በሕግ ጉዳይ መግባት አይችልም።» ዕጩን መደገፍ ሌላ፣ ረቂቅ ሕግን መደገፍ ሌላ ነው። ሁለተኛው በመጠኑ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ተቋማት የተፈቀደ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ጉዳይ ነው።» ለአባይ ግድብ ቦንድ የገዛ ሕዝብ ይህን ሲል መስማት ያሳዝነኛል። ያገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመነጭ ነው። ንጹሕ ኃይልን እኛ ከማንም አንማርም።

«ሕጉ ወጥቷል፣ አለቀ።» ቨርጂኒያ ያሉ ወዳጆቼ ይመስክሩ። ስቴታቸው የኃይል ማመንጫዎችን ልቀት የሚያስከፍለውን የምሥራቅ ስቴቶች ኅብረት በ2021 ተቀላቀለች፤ አገረ ገዥ ሲቀየር በ2023 መጨረሻ እንድትወጣ ተደረገ። ሕግ ከወጣ በኋላ ደንብ ይወጣል፣ በጀት ይመደባል፣ ኮሚሽኑ ታሪፍ ያያል። የመብራት ኩባንያዎች ጠበቆች በእነዚህ መድረኮች ሁሉ ይገኛሉ። እኛም መገኘት አለብን።

አሁን ምን ላድርግ ለሚል ሰው፦ የሜሪላንድ ምክር ቤት በዓመት የሚቀመጠው ከጥር እስከ ሚያዝያ ለ90 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጪያችሁን ለማግኘት የተሻለው ጊዜ መጸው ነው፤ ፋታ አላቸው፣ የሚያቀርቡትን ረቂቅ የሚያዘጋጁትም ያኔ ነው። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻችሁን ስታስገቡ ሴናተራችሁና ዴሌጌቶቻችሁ ይወጣሉ። ስትጽፉ የቤት አድራሻችሁን አስቀድሙ፤ የምርጫ ክልላቸው ነዋሪ መሆናችሁን የሚያዩት በሱ ነው። የረቂቁን ቁጥር ጥቀሱ፣ ደግፉ ወይም ተቃወሙ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ደብዳቤ አትላኩ። የራሳችሁን ቢል፣ የልጃችሁን አስም፣ የታክሲያችሁን የነዳጅ ወጪ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ቢሮአቸው ደውሉና ስልኩን ለሚያነሳው ሠራተኛ ያንኑ ድገሙለት፤ ማን ስለ ምን እንደደወለ መዝግቦ ለአለቃው የሚያቀርበው እሱ ነው።