ስለ ጥንዚዛዎች የጾታ ክሮሞሶሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ወንድን ወንድ የሚያደርገው ምንጊዜም ዋይ ክሮሞሶም ነው።»

ይህ ለሰው ልጅ የሚሠራ ሕግ እንጂ ለነፍሳት ሁሉ የተደነገገ አይደለም። ክሮሞሶሞች በሕዋስ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገኙ የውርስ መረጃ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ከጾታ ጋር የተያያዙት ኤክስ እና ዋይ ይባላሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኔቲ ስቲቨንስ በ1905 እ.ኤ.አ. ዱቄት ውስጥ የሚራባን አንድ ጥንዚዛ መርምረው፣ የሴቷ ሕዋሳት 20 ትላልቅ ክሮሞሶሞች ሲኖሯቸው የወንዱ 19 ትላልቅና 1 ትንሽ እንዳሏቸው አሳይተዋል፤ ትንሹ ዋይ ነበር። ሆኖም በሌሊት ብርሃን ከሚሰጡት ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ ዋይ ጨርሶ የላቸውም። ሴቷ ሁለት ኤክስ፣ ወንዱ አንድ ኤክስ ብቻ ይይዛሉ፤ ወንዱም ያለ ችግር ይራባል።

«ዋይ እየኮሰመነ ሄዶ መጥፋቱ አይቀርም።»

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ከፊሉም እውነት ስለሆነ ለማረም ይከብዳል። ዋይ ከኤክስ ጋር ቁራጭ መለዋወጡን ባቆመበት ክፍል በርካታ ጂኖቹ (የውርስ መመሪያዎቹ) በጊዜ ብዛት ይበላሻሉ። መኮሰመን ግን መጥፋት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ሂዝ ብላክመን እና ጄፈሪ ዴሙዝ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የብዙ ጥንዚዛዎችን የክሮሞሶም መረጃ ሲያነጻጽሩ፣ ዋይ በብዛት የጠፋው መሬት ለመሬት እየሮጡ የሚያድኑት ጥንዚዛዎች በሚገኙበት አዴፋጋ በተባለው ንዑስ ክፍለ መደብ ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኞቹን ጥንዚዛዎች በያዘው ፖሊፋጋ ውስጥ ግን መጥፋቱ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። የሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ኤክስና ዋይ በዘር ሕዋስ ክፍፍል ጊዜ በትክክል ለመለያየት ቁራጭ መለዋወጥ የግድ ከሆነባቸው፣ የሚለዋወጡበት ክፍል ባነሰ ቁጥር ክፍፍሉ ይሳሳታል፣ ዋይ ያልደረሰው ወንድ ልጅም ይወለዳል። በብዙዎቹ የፖሊፋጋ ዝርያዎች ግን ትንሿ ዋይ ያለ ምንም ልውውጥ ከትልቁ ኤክስ ጋር ተያይዛ ትቆያለች። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ኤክስ የተዘረጋ ፓራሹት፣ ዋይ ደግሞ የተንጠለጠለ ሰው ስለሚመስሉ፣ ሥርዓቱ በዚሁ ስም ይጠራል። እንዲህ ያለችው ዋይ ብታንስም በቀላሉ አትጠፋም።

«የጾታ ክሮሞሶሞች አንዴ ከተፈጠሩ ባሉበት ይቀራሉ።»

በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ የፓይን ደኖችን በሚያወድመው ጥንዚዛ ውስጥ አንድ ተራ (የጾታ ያልሆነ) ክሮሞሶም ከኤክስ ጋር ተዋሕዷል፤ የዚያ ክሮሞሶም አቻም በወንዱ ውስጥ አዲስ ዋይ ሆኗል። ተራርቀው ከሚኖሩ አንዳንድ የዚሁ ዝርያ ሕዝቦች መዳቀል የሚወለዱ ወንዶች መካን ይሆናሉ፤ ተመራማሪዎችም ምክንያቱን ከዚህ አዲስ ዋይ ጋር ያያይዙታል። ሦስትና አራት ኤክስ ያላቸው ጥንዚዛዎችም አሉ።

«ያለ ጾታ ክሮሞሶም ወንድና ሴት አይለዩም።»

የኢትዮጵያ ቡና አምራቾችም የሚያውቁት የቡና ፍሬ ቦርቧሪ ጥንዚዛ የጾታ ክሮሞሶም ሳይኖረው ይህን ያፈርሰዋል። ወንዱ ክሮሞሶም ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል፤ የአባቱ ድርሻ ግን ተጨምቆ ከሥራ ውጭ ይሆናል፣ ወደ ልጆቹም አይተላለፍም። ቁጥሩም ከሴቶቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ መብረር ስለማይችል በተወለደበት የቡና ፍሬ ውስጥ ከእኅቶቹ ጋር ተራክቦ እዚያው ይሞታል።