ርዕሱን አይታችሁ አትደንግጡ

«መንገድ ሲጨናነቅ በመኪና ስክሪን ላይ በቀይ ማሳየት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ወጥቶበታል፤ የሠራ ሁሉ ይከሰሳል።» ስንቴ ሰማሁት! የፓተንት ሰነድ ማንበብ ሥራዬ ነው። እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ያነበቡት ርዕሱንና ሥዕሉን ብቻ ነው።

ርዕስ መብት አይሰጥም። መብቱ ያለው በሰነዱ መጨረሻ ቁጥር ይዘው በሚደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው፤ ክሌም ይባላሉ። አንድ ክሌም የመንገድ ዳር ዳሳሽ፣ መረጃ ሰብሳቢ ኮምፒውተር፣ ቦታውን የሚያውቅ መሣሪያና ፍጥነትን በቀለም የሚለይ ካርታ ከዘረዘረ አራቱም መሟላት አለባቸው። አንዱ ከሌለ፣ በእሱ ምትክ ያንኑ ሥራ በዚያው መንገድ የሚሠራ ነገር እስካላስገባችሁ ድረስ፣ ክሌሙን አልጣሳችሁም።

አንድ ወጣት መተግበሪያ ሠሪ ከአሜሪካ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶት ሥራውን ሊዘጋ ሲል እኔ ጋ መጣ። ክሌሙን ሐረግ በሐረግ አነበብነው። መኪናው ያለበትን ቦታ ወደ ማዕከል ይልካል ይላል። የልጁ መተግበሪያ ግን ምንም አይልክም፤ በሬዲዮ የመጣውን መረጃ ተቀብሎ ካርታ ላይ ያሳያል፣ በቃ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣው የመጨረሻዎቹን ገጾች ሳይገልጥ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

«ቢሮው አንዴ ካጸደቀው አይነካም» የሚሉም አሉ። ይነካል። አሜሪካ ውስጥ የተሰጠ ማንኛውም ፓተንት እንደገና እንዲመረመር ከመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለራሱ ለፓተንት ቢሮው ማመልከት ይቻላል፤ የተከሰሰ ሰው ግን ክሱ በደረሰው በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ማስረጃው ፈጠራው አዲስ እንዳልነበረ የሚያሳይ፣ ቀድሞ የታተመ ጽሑፍ ወይም ፓተንት ነው። በዚህ ዘርፍ ደግሞ የቆየ ሥራ ሞልቷል፦ አሜሪካ፣ ኦርላንዶ ላይ ትራቭቴክ በተባለው ሙከራ 100 መኪኖች በ1992 እና 1993 እ.ኤ.አ. የትራፊክ መረጃ በስክሪን ያሳዩ ነበር። ለመኪኖች የትራፊክ መረጃ የሚያሰራጨው የጃፓኑ ቪክስም በ1996 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። እነዚህን ሳያዩ ለባለ ፓተንቱ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው።

«ከማንም አልቀዳሁም፣ ራሴ ነው ያሰብኩት» ማለት በፓተንት አያድንም።

«የራሴ ፓተንት ስላለኝ ማንም አይከሰኝም»፦ ፓተንት ሌላውን መከልከያ እንጂ የመሥሪያ ፈቃድ አይደለም።

«የፓተንቱ 20 ዓመት ካለፈ አበቃ»፦ ለወደፊቱ አዎ፤ ጸንቶ በነበረበት ጊዜ ለተፈጸመ ጥሰት ግን ከክሱ በፊት ላሉት 6 ዓመታት ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ክስ ሁሉ እስከ ፍርድ አይሄድም። ማይክሮሶፍት የመንገድ መጠቆሚያ መሣሪያ የሚሠራውን ቶምቶምን በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. ከስሶ፣ ክሱ የመኪና ናቪጌሽን (መንገድ መጠቆሚያ) ፓተንትም ነበረበት፣ በመጋቢት ተስማምተው ጨርሰዋል።

ስለዚህ ደብዳቤ ከመጣባችሁ አትጣሉት። በንዴት ያን ምሽት መልስ አትጻፉ፤ የጻፋችሁት ማስረጃ ይሆንባችኋል። የደረሰበትን ቀን መዝግቡ። ክሌም 1ን አትሙ፣ የሌላችሁን ክፍል አስምሩበት፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ።