ጫቱ ቢነቀል ድሬ ትጠግባለች?

ድሬዳዋ ውስጥ የኑሮ ውድነት ከተነሳ ሁሉም ባለሙያ ነው። ከፊራ ገበያ ሽንኩርት ሲመረጥም፣ ባጃጅ ውስጥም ምክንያቱ አይጠፋም።

«ጫቱ ተነቅሎ እህል ቢዘራ ረሃብ አይኖርም።» ይህን በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ጫት እየቃመ የሚል ሰው አለ፤ ይገርመኛል። የሐረርጌ ደገኛ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች ነው ያለው። እዚያ ላይ ማሽላ ብቻ ቢዘራ ቤተሰቡን ዓመቱን ሙሉ አይቀልብም። ጫት ድርቅ ይችላል። ውሃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ በብሩ እህል ይሸመታል። ደግሞም በብዙ ማሳ ላይ ማሽላው የሚበቅለው እዚያው በጫቱ መስመር መሃል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጫት ተከማችቶ አለመቀመጡ ነው። የጫት ገበያው አወዳይ ላይ ዋጋ የወደቀ ቀን ወይም ወደ ጎረቤት አገር የሚወስደው መንገድ የተዘጋ ቀን፣ ገበሬው ባዶ እጁን ይቀራል። እህሉ ደግሞ ያን ቀን አይረክስለትም። ማሽላን እኮ ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብረዋል፤ ጫትን የት ያደርገዋል?

«ሐረማያ ሐይቅን ያደረቀው ዝናብ መጥፋቱ ነው።» ዝናብ ድርሻ አለው። ግን ፓምፑስ? ለጫት፣ ለድንችና ለአትክልት ከሐይቁ ዳርቻ ቀን ከሌት ውሃ ይሳብ ነበር። ሐረርም ከዚያው ትጠጣ ነበር። ከተራቆቱት ኮረብታዎች የታጠበው አፈር ደግሞ ሐይቁን ሞላው። ሐይቁ ሲደርቅ ለሐረር ከድሬዳዋ ቆላ የጉድጓድ ውሃ ሽቅብ በቧንቧ መግፋት ግድ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ፓምፖቹም አሉ።

«የኛ ጠላት ድርቅ ብቻ ነው።» ይህን የሚል ድሬ ካለ 1998 ዓ.ም.ን ረስቷል። በዚያ ክረምት ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነው ደቻቱ! ጎርፉ የወረደው ከደጋው ነው። ዛፍ የሌለው ተዳፋት ውሃ አይዝም፤ የማሳውን ለም አፈር ይዞ ይወርዳል። ዝናብ ሲያጥር ማሽላው ቶሎ የሚጠወልገውም አፈሩ በሳሳበት በዚያው ተዳፋት ላይ ነው።

«ባቡር አለን፣ ወደብ ቅርብ ነን፣ ምግብ መርከስ ነበረበት።» ከውጭ የሚመጣ ስንዴና ዘይት ዋጋው በአብዛኛው የሚቆረጠው በዓለም ገበያና በዶላር ነው፤ ጅቡቲ መቅረቡ የሚቀንሰው የትራንስፖርቱን ያህል ብቻ ነው። ቲማቲም ደግሞ ባቡር አይጠብቅም፣ በአይሱዙ ነው የሚመጣው። ነዳጅ በጨመረ ማግስት ከፊራ ሂዱና ዋጋውን ጠይቁ።