የመብረቅ ፎቶግራፍ

የመብረቅ ፎቶግራፍ በከባድ ነጎድጓድ ወቅት በደመና ውስጥ ወይም ከደመና ወደ ምድር የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ በምስል የማስቀረት ሥራ ነው። ዛሬ በአብዛኛው አማተሮች ለፍቅር ሲሉ ይሠሩታል። ይሁን እንጂ ስለ መብረቅ ከሚታወቀው ብዙው ነገር መጀመሪያ የተነበበው ከፎቶግራፍ ላይ ነው።

እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ የአውሮፓና የአሜሪካ ሠዓሊዎች መብረቅን እንደ መጋዝ ጥርስ ሾል ሾል አድርገው ይስሉት ነበር። የፊላደልፊያው ፎቶግራፍ አንሺ ዊሊያም ጄኒንግስ ይህን ተጠራጠረ። እ.ኤ.አ. በ1882 ያነሣው ፎቶ ከመጀመሪያዎቹ የተሳኩ የመብረቅ ፎቶዎች አንዱ ሲሆን፣ በላዩ የታየው እየተጠማዘዘ የሚሄድና በየመንገዱ ቅርንጫፍ የሚያወጣ መስመር እንጂ የሾለ ማዕዘን አልነበረም። ሙከራው እንዲሳካ ያስቻለው በዚያን ጊዜ ገና ብቅ ያለው፣ ብርሃንን ቶሎ የሚቀበል ደረቅ የጄላቲን ሰሌዳ ነው።

ትልቁ እመርታ የመጣው ግን ከደቡብ አፍሪካ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ቬርነን ቦይስ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሌንሶቹ በፍጥነት የሚሽከረከሩ ካሜራ ሠርቶ ነበር። ሌንሶቹ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ለዐይን በአንድ ቅጽበት የሆኑ የሚመስሉ ብርሃኖች ፊልሙ ላይ ተለያይተው ያርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ባሲል ሾንላንድና ባልደረቦቹ በዚህ ካሜራ ባነሷቸው ፎቶዎች የመብረቅን አወራረድ ደረጃ በደረጃ ለማየት ቻሉ። መጀመሪያ ደብዛዛ ብርሃን በአማካይ 50 ሜትር ያህል እየዘለለና ለአፍታ ቆም እያለ ከደመና ይወርዳል። መሬት ሲቃረብ ከታች ከሚነሣ ሌላ ብርሃን ጋር ይገናኛል። ያን ጊዜ ዐይናችንን የሚያጥበረብረው ደማቅ ብርሃን ከምድር ወደ ደመና ሽቅብ ይሮጣል። መብረቅ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ግኝት ነው።

በሌሊት የሚነሣ ፎቶ ዘዴው ትዕግሥት ነው። ብልጭታውን አይቶ ቁልፍ ልጫን የሚል ሰው ይዘገያል። ስለዚህ ካሜራው በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይጸናል፤ ፎከሱ በእጅ ሩቅ ባለ መብራት ላይ ተስተካክሎ ይተዋል፤ መዝጊያው ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ መብረቁም ራሱን በራሱ ይስላል። ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። መብረቁ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፈተ ማለት መብረቁ ደመቀ ማለት አይደለም፤ የሚደምቀው ሰማዩና የከተማው መብራት ነው። የመብረቁን ድምቀት የሚወስኑት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ናቸው። አይኤስኦው 100 ወይም 200፣ ቀዳዳው ኤፍ 8 (የቀዳዳው ስፋት መለኪያ ቁጥር) አካባቢ ሆኖ መጀመር ይቻላል። መብረቁ ቀረብ ካለ ቀዳዳው ይጠባል፣ ከራቀ ይሰፋል።

በቀን ግን መዝጊያውን ያን ያህል ከፍቶ ማቆየት ምስሉን ነጭ ወረቀት ያደርገዋል። ስለዚህ የብርሃን ለውጥ ተሰምቶት ካሜራውን የሚያስነሣ ትንሽ መሣሪያ ይገጠማል። መሣሪያው መጀመሪያ ያየውን ብልጭታ ካሜራው ላይደርስበት ይችላል፤ ነገር ግን አንድ መብረቅ ብዙውን ጊዜ በዚያው መስመር ሦስት ወይም አራት ጊዜ ስለሚደጋገም ቀጣዩ ይያዛል። ነፋስ ኃይለኛ ከሆነ መስመሩ በድግግሞሾቹ መካከል ወደ ጎን ስለሚገፋ፣ መብረቁ ሪባን መስሎ ፎቶው ላይ ይወጣል።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የተነሡ ብዙ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ደራርቦ አንድ ሰማይ ላይ ዐሥር መብረቅ ማሳየትም የተለመደ ነው። ውበቱ አይካድም፤ ነገር ግን አንሺው መደረቡን በግልጽ ሊናገር ይገባዋል፤ ካልተናገረ ምስሉ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ይመሰክራል።

ለሥራው ስመ ጥር ከሆኑት ቦታዎች ቀዳሚው የቬኔዝዌላው የማራካይቦ ሐይቅ ነው። ሐይቁን የአንዲስ ተራሮች ስለከበቡት፣ የሌሊቱ ነፋስ ከሞቀው ውኃ ላይ በሚነሣው እርጥብ አየር ላይ እየተጋጠመ በዓመት ለበርካታ ሌሊቶች ነጎድጓድ ይፈጥራል። በአሜሪካ ታላላቅ ሜዳዎች ደግሞ አንሺዎች በግንቦትና በሰኔ ግዙፍ የነጎድጓድ ማዕበሎችን በመኪና ይከተላሉ። በኢትዮጵያ ደጋ የክረምቱ ነጎድጓድ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ የቀኑ ዘዴ ይበልጥ ይጠቅማል። እንደ እንጦጦ ያለ ከፍታ አዲስ አበባን ከነደመናዋ አሻግሮ ስለሚያሳይ ይማርካል፤ ማዕበሉ ሲቀርብ ግን ከዚያ የከፋ መቆሚያ የለም።

መብረቅ ዝናብ ከሚዘንብበት ቦታ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ሊመታ ይችላል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ያለውን ጊዜ መቁጠር ርቀቱን ያሳውቃል። ነጎድጓዱ ከተሰማ ግን አንሺው ሊመታ በሚችልበት ክልል ውስጥ ነውና ካሜራውን ትቶ መጠለል አለበት። ዛፍ ሥር መጠለል ሰውንም ከብትንም ይገድላል። የሚያስጥለው ጠንካራ ቤት ወይም መስኮቱ የተዘጋ ባለ ብረት ጣሪያ መኪና ነው፤ በመኪናው የሚያድነው ጎማው ሳይሆን ኤሌክትሪኩን በውጭ በኩል ወደ ምድር የሚያሳልፈው የብረት አካሉ ነው። መጨረሻ ከተሰማው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም።

ርቀት ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ለምስሉም ይበጃል። ማዕበሉ አልፎ ሲሄድ ከኋላው የቆመ ሰው ከዝናቡ መጋረጃ ነፃ ሆኖ ደመናውን ከሥሩ እስከ አናቱ ያገኘዋል። ከሁሉ ይበልጥ ርቀት የሚፈልገው ስፕራይት የሚባለው ነው። ይህ ከማዕበሉ በላይ ከ50 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ የሚታይ ቀይ ብልጭታ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በምስል የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1989 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሌላ ሥራ የታሰበ ካሜራ ሲሞክሩ በአጋጣሚ ነው። ዛሬ አማተሮች ጥርት ባለ ጨለማ ውስጥ፣ ከማዕበሉ 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው፣ አይኤስኦውን ከፍ በማድረግ በተራ ካሜራ ያነሡታል።