ካሊብሬሽን ምንድን ነው? ቁጥር ማስተካከል አይደለም

«የሙቀት ሴንሰሩን (መለኪያውን) ካሊብሬት አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ከምን ጋር አስተያይተህ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ኮዱ ላይ 2 ዲግሪ ቀነስኩለት» የሚል ነው። ይህ ካሊብሬሽን አይደለም።

ካሊብሬሽን ማለት የመሣሪያውን ንባብ ከታወቀ መለኪያ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ ነው፤ ልዩነቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚታመን ጭምር። ማስተካከል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው። ሳያስተያዩ ማስተካከል ግምት ነው።

ቅዳሜ ገበያ ያለ የመርፌ ሚዛን አስቡ። ባዶውን ዜሮ ላይ ማምጣት ቀላል ነው። ዜሮ ላይ ስለቆመ ግን አንድ ኪሎ ጤፍ አንድ ኪሎ ይላል ማለት አይደለም። የታወቀ ክብደት ይጫንበት። አምስት ኪሎ ላይ ደግሞ ስህተቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል አንድ ነጥብ አይበቃም። የተጫነው ክብደትስ በምን ተመዘነ? ጠርዙ ተሸርፎ ቢሆንስ? ጥያቄው እየተያያዘ እስከ አገሪቱ ዋና መለኪያ ድረስ ይወጣል። ሴንሰርም ከዚህ አያመልጥም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይህ ምክር ነው፤ «ውሃ አፍላ፣ ሴንሰሩን ክተት፣ 100 እስኪል አስተካክል።» ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ምክሩን የሰማ ልጅ ደህናውን ሴንሰር በ7 ዲግሪ ያሳስተዋል። መሣሪያው የክትባት ፍሪጅ መከታተያ ከሆነስ? ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ወርዶ ክትባቱን ሊያበላሽ ሲል፣ ስክሪኑ 6 ይላል። ማንም አይደነግጥም።

ይኸው መካሪ «የእኔ ሴንሰር እኮ የ0.0625 ዲግሪ ለውጥ ይለያል» ብሎ ይከራከራል። የእሱ ሴንሰር፣ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው ሞዴል፣ በእርግጥ ይህን ይለያል። ግን ያ ሬዞሉሽን (የሚለየው ትንሹ ለውጥ) ነው፤ ትክክለኛነት ሌላ ነገር ነው። አምራቹ የ±0.5 ዲግሪ ዋስትና የሰጠው ከ-10 እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው። 93 ላይ እሱም የለም።

ለፍሪጅ የሚሻለው በረዶ ነው። የተጣራ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በረዶውን ፍጩት፤ ክፍተቱን በዚያው ዓይነት ውሃ ሙሉና አማስሉት። ድብልቁ 0 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ ይህን ከፍታ ብዙም አይነካውም። ሴንሰሩ የዕቃውን ግርጌ እንዳይነካ ግን ጠንቀቅ በሉ። ቀጥሎ 8 ዲግሪ አካባቢ፣ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ካለው ቴርሞሜትር ጋር አስተያዩ። ቀኑን፣ የተጠቀማችሁበትን ቴርሞሜትርና ልዩነቱን ጻፉ። ንባብ በጊዜ ብዛት ስለሚንሸራተት በየጊዜው ድገሙት። ሴንሰሩን ከቀየራችሁ፣ ያው ሞዴል ቢሆንም፣ የድሮው መዝገብ ለአዲሱ አይሠራም።