ጉራጊኛ መርካቶ ላይ

መርካቶ ዋጋ ስትከራከሩ ባለሱቁ ወደ ልጁ ዞር ብሎ ሁለት ቃል ጣል ካደረገ የመጨረሻው ዋጋ ተቆርጧል ማለት ነው። በጉራጊኛ ስለሆነ እናንተ አልሰማችሁም። ችግሩ ልጁ የሚመልሰው በአማርኛ ነው፤ «እሺ አባ፣ በዚያው ይውሰዱት።» ሚስጥሩ እዚያው ወጣ። ይሰማል፣ አይናገርም።

የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። ከአዲስ አበባ ነዋሪ 16.3 በመቶው ጉራጌ ነኝ ሲል፣ አፌን የፈታሁት በጉራጊኛ ነው ያለው 8.4 በመቶ ገደማ ነው። ግማሹ ማለት ነው! ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬ ስንት እንደሆነ መገመት ብቻ ነው።

ደግሞ ጉራጊኛ ሲባል አንድ ወጥ ቋንቋ አይደለም። ሰባት ቤት የሚባለው የጉራጌ ወገን የሚናገራቸው ቸሃ፣ እዣ፣ እኖር አሉ፣ ክስታኔ አለ፣ መስቃን አለ። የክስታኔና የእኖር ሰው አውቶቡስ ተራ ተገናኝተው እያንዳንዱ በራሱ ቢያወራ ብዙም አይግባቡም። ስለዚህ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው። በጉራጌ ዞንም ቢሮውና ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ሲሠራ ኖሯል። «በየትኛው ጉራጊኛ ይጻፍ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ቀድሞ ከጉራጌ ጋር ይቆጠሩ የነበሩት ስልጤዎች በ1993 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ የራሳቸውን ዞን ሲያገኙ ስልጥኛን ትምህርት ቤት ማስገባት ቀለላቸው።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። በቸሃ ነከሰ ሲባል ከንፈር ሞጥሞጥ ተደርጎ «ከ» ወደ «ኰ» ከተለወጠች «እሱን» የሚለው ትርጉም ይገባበታል። ከንፈር ብቻውን ሰዋስው ሆነ እኮ! የአማርኛ ፊደል የሌለው ድምፅም ብዙ ነው። ለጉራጊኛ የተዘጋጁ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚያውቁበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገቡት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። አሁንም ፎንቱ ያልተጫነበት ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ተደርድሮ ይመጣል።

ስለ መጽሐፍና ስለ ፊደል ብዙ ይወራል፣ ጥሩ ነው። ቋንቋውን ለልጆቹ ለማቆየት ግን እኔ ከሁሉም የምተማመነው በመስቀል ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ መርካቶ ጭር ይላል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ቤተሰብ ተጠቃሎ አገር ቤት ይወርዳል። የከተማው ልጅ ከመስቀል ሰሞን በዓላት አንዱ ከሆነው ከደንጌሳት ጀምሮ አያቱ እግር ሥር ነው። አያት አማርኛ ቢችሉም ለክትፎው ቆጮ የሚጨመርለት በእሳቸው ቋንቋ ሲጠይቅ ነው። ሲሳሳት ዘመድ አዝማድ ይስቅበታል፣ ያርሙታል፣ ደግሞ ይሞክራል።

አምና በጥቅምት እዚያው ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። አባትየው ዞር ብሎ ሁለት ቃል ጣል አደረገ። ልጁ፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ በጉራጊኛ መለሰለት። የመጨረሻውን ዋጋ ሳላውቅ ከፍዬ ወጣሁ።