የግራፍ ግብዓት እንዴት ይነበባል?

የፕሮግራሚንግ አሳይመንት ላይ ግራፍ፣ ማለትም እርስ በርስ የተገናኙ ነጥቦች ስብስብ፣ ሲሰጣችሁ ብዙ ጊዜ ሥዕል አይመጣም። የሚመጣው የቁጥር መዓት ነው። ግብዓቱ ይህ ነው እንበል፦

4 3
1 2
2 3
2 4

የመጀመሪያው መስመር ከሌሎቹ ይለያል። 4 የኖዶቹ (የነጥቦቹ) ብዛት ነው፣ 3 ደግሞ የኤጆቹ (ሁለት ኖዶችን የሚያያይዙት ግንኙነቶች)። ከሥር ያለው እያንዳንዱ መስመር አንድ ኤጅ ነው፤ የመጀመሪያው 1ን ከ2 ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ኤጆቹን የሚያነበው ሉፕ የሚዞረው 3 ጊዜ ነው። 4 ጊዜ ካዞራችሁት ፕሮግራሙ የሌለ መስመር ፍለጋ ይሄዳል።

ዋናው ጣጣ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ኖድ የጎረቤቶቹን ሊስት ትይዛላችሁ። ጥያቄው ግራፉ አቅጣጫ የለውም ካለ፣ ማለትም በኤጁ በሁለቱም በኩል መሄድ ከተቻለ፣ 2ን በኖድ 1 ሊስት ውስጥ፣ 1ንም በኖድ 2 ሊስት ውስጥ መጨመር አለባችሁ። በአንድ በኩል ብቻ ከጨመራችሁ ከ1 ወደ 4 ትደርሳላችሁ፣ ከ4 ወደ 1 ግን መመለሻ የለም። ይባስ ብሎ ኮዱ ምንም ኤረር አያሳይም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ስህተት ፈልጎ ማግኘት በጣም ያደክማል። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ።

የኖዶቹ ቁጥር ከ1 ስለሚጀምር፣ የሊስት ቦታ ግን ከ0 ስለሚቆጠር፣ የየኖዱን ሊስት የሚይዝ 5 ቦታ ያለው ሊስት አዘጋጁና 0ኛውን ባዶ ተዉት። በየኤጁ መስመር ሦስተኛ ቁጥር ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የኤጁ ክብደት ነው፦ ርቀት ወይም ዋጋ።